«ጉልበተኛ»፣ «ጥቃት»፣ «ተጣሉ»፦ የእንግሊዝኛን የማዋከብ ቃላት በአማርኛ ስለ መፍታት የቀረበ ሂስ

በቅርብ ዓመታት ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ አዘውትረው ከሚተረጐሙት ቃላት መካከል ሰው በሰው ላይ የሚፈጽመውን ማስፈራራት፣ ማዋከብና ማዋረድ የሚሰይሙት ይገኙባቸዋል። «ቡሊይንግ»፣ «ሃራስመንት»፣ «ኢንቲሚዴሽን»፣ «አሶልት»፣ «አቢዩዝ»፣ «አግረሽን» የተባሉት ስያሜዎች በመማሪያ መጻሕፍት፣ በትምህርት ቤት ደንቦች፣ በእርዳታ ድርጅቶች ቅጾችና በሕግ ሰነዶች ውስጥ እየተደጋገሙ ይመጣሉ። በተማሪውም ሆነ በተርጓሚው እጅ የሚገኘው መሣሪያ ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዓምድ የእንግሊዝኛውን ቃል፣ በሌላው ዓምድ አንድ የአማርኛ ቃል የሚያሰልፍ ዝርዝር ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንነቅፈው ይህንኑ የአሠራር ልማድ ነው። ጉድለቱ የቃል እጥረት አይደለም፤ ለዚህ ዐይነቱ ድርጊት አማርኛ በቂ ቃላት አሉት። ጉድለቱ ስምን ከስም ጋር ብቻ ማጋጠም የድርጊቱን አቅጣጫ፣ ማለትም ማን በማን ላይ እንዳደረገው፣ የሚደመስስ መሆኑ ነው።

ጉዳዩን ከመተማና ከምዕራብ ጎንደር ቆላ አንጻር የምንመረምረው ችግሩ በዚያ ጐልቶ ስለሚታይ ነው። መተማ ዮሐንስ ከሱዳኗ ገላባት ጋር ፊት ለፊት የምትተያይ የድንበር ከተማ ናት። በገበያዋ አማርኛና ዐረብኛ ጎን ለጎን ይነገራሉ፤ እንግሊዝኛ ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የማስተማሪያ ቋንቋ፣ እንዲሁም የዓለም አቀፍ ድርጅቶች የመመዝገቢያ ቋንቋ ሆኖ በሦስተኛነት ይገባል። በሰሊጥ አጨዳና በጥጥ ለቀማ ወራት ከደጋው ብዙ ሠራተኛ ወደ ቆላው ይወርዳል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ደግሞ መተማ ከዋነኞቹ የስደተኞች መግቢያዎች አንዷ ሆናለች። ከገቡት ብዙዎቹ በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ሰፍረው ነበር፤ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በአውላላ የነበሩ ብዙ ስደተኞች የታጠቁ ሰዎች ዘረፋና ጥቃት እንዳስመረራቸው ገልጸው መጠለያውን ለቀው በእግር ወጡ። እንዲህ ባለ ሥፍራ አቤቱታ በዐረብኛ ይነገራል፣ በአማርኛ ይተረጐማል፣ በእንግሊዝኛ ይመዘገባል። በመካከል የተመረጠው ቃል አቤቱታውን ሊያከብደው ወይም ሊያቀልለው ይችላል። ስለሆነም የምንናገረው ስለ ቃላት ውበት ብቻ አይደለም።

ሀ. ስለ «ጉልበተኛ»

«ቡሊ» ለተባለው የእንግሊዝኛ ቃል በአብዛኛው የሚሰጠው አቻ «ጉልበተኛ» ነው። ቃሉ ከ«ጉልበት» የወጣ ሲሆን ጉልበት የአካል ክፍልም፣ ኀይልም ነው። ጉልበተኛ እንግዲህ ባለ ኀይል ማለት ነው፤ ኀይሉን በምን ላይ እንዳዋለው ቃሉ በራሱ አይነግረንም። በሰሊጥ አገር ይህ አሻሚነት ግልጽ ሆኖ ይታያል። ሰሊጥ ፍሬው ሳይረግፍ በጥቂት ቀናት ውስጥ መታጨድ ስላለበት ባለ እርሻው የሚሻው ጉልበት ነው፤ የቀን ሠራተኛውም የሚሸጠው ይህንኑ ነው። «ጉልበተኛ ሠራተኛ ፈልግልኝ» የሚል ባለ እርሻ ምስጋና እየሰጠ ነው። «ልጄን ጉልበተኞች ከትምህርት ቤት በር አላሳልፍ አሉት» የምትል እናት ግን እየከሰሰች ነው። ሁለቱን የሚለየው ዐውዱ እንጂ ቃሉ አይደለም። ዐውድ የሌለው የቃላት ዝርዝር ታዲያ ለተማሪው ከሁለቱ የትኛውን ሰጠው?

የእንግሊዝኛው ቃል ታሪክም ሊታወስ ይገባል። «ቡሊ» በ16ኛው መቶ ዓመት የፍቅርና የወዳጅነት መጠሪያ ነበር፤ ሼክስፒርም ገጸ ባሕርያቱ ወዳጃቸውን በዚህ ቃል እንዲጠሩ አድርጓል። ቃሉ ወደ ፎካሪነት፣ ከዚያም ደካማን ወደ ማጥቃት ያዘነበለው በኋላ ነው። ሙያዊ ስያሜ ሊሆን የበቃው ደግሞ በቅርቡ፣ በ20ኛው መቶ ዓመት የመጨረሻ አጋማሽ ነው። በስካንዲኔቪያ ቀድሞ ይሠራበት የነበረው «ሞቢንግ» የተባለ ቃል ነበር፤ ይህም እነ ኮንራድ ሎሬንዝ እንስሳት ተባብረው አንዱን ሲያጠቁ ለማመልከት ከተጠቀሙበት አነጋገር የተወሰደ በመሆኑ የመንጋ ጥቃትን ብቻ የሚያሳይ ይመስል ነበር። ዳን ኦልቬውስ የተባለው የሥነ ልቡና ሊቅ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባደረገው ጥናት አንድ ግለሰብ ብቻውን የሚፈጽመውንም አካትቶ፣ ጽንሰ ሐሳቡን በሦስት መለኪያዎች ወሰነው፦ ሆን ተብሎ መደረጉ፣ ተደጋግሞ መደረጉ፣ በአድራጊውና በተደራጊው መካከል የአቅም አለመመጣጠን መኖሩ ናቸው። ጥናቱን ለእንግሊዝኛ አንባቢ ያደረሰው መጽሐፍ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው።

ይህን የምናነሣው ለነባር መዛግብተ ቃላቶቻችን ፍትሕ ለመስጠት ነው። የአምሳሉ አክሊሉና የሞዝባክ እንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት፣ እንዲሁም የቮልፍ ሌስላው የዐውድ መዝገበ ቃላት ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1973 የወጡ ናቸው። ከጽንሰ ሐሳቡ መስፋፋት በፊት የተዘጋጁ በመሆናቸው ሦስቱን መለኪያዎች ባያሟሉ አንወቅሳቸውም። እንዲያውም ሌስላው ቃሉን ብቻውን ሳይሆን በዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ መፍታቱ ዛሬም ልንከተለው የሚገባ ዘዴ ነው። የምንወቅሰው ከዚያ ወዲህ ዐረፍተ ነገሩን አውጥተው ነጠላውን ቃል ብቻ እየገለበጡ የሚያዘዋውሩትን ነው።

ለ. ስለ «ጥቃት»

ሁለተኛው ችግር ከመጀመሪያው ተቃራኒ ነው። «ጉልበተኛ» አንዱን ቃል ለሁለት ጉዳይ ሲያውለው፣ «ጥቃት» ብዙ የእንግሊዝኛ ቃላትን በአንድ ጆንያ ይከትታል። «አታክ»፣ «አሶልት»፣ «አቢዩዝ»፣ «ቫዮለንስ»፣ «አግረሽን» ሁሉም «ጥቃት» ተብለው ሲተረጐሙ እናያለን። ቅጽል እየጨመሩ «አካላዊ ጥቃት»፣ «ሥነ ልቡናዊ ጥቃት» ማለት በከፊል ይረዳል፤ ነገር ግን በአንድ ገጽ አምስት የተለያዩ ስያሜዎች ያሉበትን ሰነድ በዚህ መንገድ የተረጐመ ሰው ወደ እንግሊዝኛው ቢመልሰው አምስቱን አያገኛቸውም።

ከዚህም በላይ «ጥቃት» በነባር አነጋገራችን ከአድራጊው ይልቅ ወደ ተደራጊው ያደላ ቃል ነው። «ጥቃቴን አወጣሁ»፣ «ጥቃት አይወድም» ስንል የምንናገረው በተበደለው ሰው ልብ ውስጥ ስለሚቀረው ውርደት ነው። በጎንደር ቆላ፣ መሣሪያ በብዙ ሰው እጅ በሚገኝበት አገር፣ «ጥቃት አይወድም» የሚባለው ሰው የሚመሰገን፣ ደሙን የሚመልስ ሰው ነው። ስለ ትምህርት ቤት ሰላም የሚያስተምር ጽሑፍ «ጥቃት ደረሰብህን?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ሳያስበው ልጁን ወደዚሁ የክብርና የብድር መመለስ አስተሳሰብ ይጠራዋል። የእንግሊዝኛው «ቡሊይንግ» ግን በዳዩ ላይ የሚያተኩር፣ ሦስተኛ ወገን፣ መምህር ወይም ወላጅ፣ እንዲገባበት የሚጋብዝ ቃል ነው። አቻ የተባሉት ሁለቱ ቃላት የሚጠሩት ምላሽ የተለያየ ነው።

በ«አግረሽን» ላይም ተመሳሳይ ድብልቅ አለ። እንግሊዝኛ የሕፃንን ገፊነትም፣ የመንግሥትን ወራሪነትም በዚህ አንድ ቃል ይጠራል፤ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1974 ፍች የሰጠው ለሁለተኛው ነው። አማርኛ ግን ሁለቱን ለይቶ ይዟል። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ስለ ወደቁበት፣ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ስለ ተደረገው የመተማ ጦርነት የሚጽፍ ሰው «ወረራ»፣ «ዘመቻ»፣ «ውጊያ» ይላል እንጂ «ጠበኝነት» አይልም። ስለ ትምህርት ቤት ልጆች የሚጽፈውም «ጠበኝነት»፣ «ጠብ አጫሪነት» ይላል እንጂ «ወረራ» አይልም። ቋንቋችን ከምንጩ ቋንቋ ይልቅ ባለ ጠጋ የሆነበትን ይህን የመሰለ ሥፍራ አለማስተዋል ስንፍና ነው።

ሐ. ስለ «ተጣሉ»

ከሁሉ የከፋ ሆኖ ያገኘነው ግን በስሞች ላይ ሳይሆን በግሶች ላይ የሚታየው ጉድለት ነው። በአማርኛ የሁለት ሰዎችን ግጭት ስንናገር ተደራራጊውን ዐምድ መምረጥ ይቀናናል፦ ተጣሉ፣ ተደባደቡ፣ ተሰዳደቡ፣ ተጋጩ። ይህ ዐምድ ሁለቱንም አድራጊ፣ ሁለቱንም ተደራጊ ያደርጋል። ለሽምግልና የሚመች ቃል መሆኑን አንክድም፤ ሽማግሌ ሁለቱን ወገን በእኩል አስቀምጦ ወደ እርቅ ለመምራት «ተጣልተዋል» ማለቱ ማስተዋል ነው። ነገር ግን ነገሩ ጠብ ሳይሆን ማዋከብ ሲሆን፣ ይኸው ቃል በዳይንና ተበዳይን ያመሳስላል።

አንድ ምሳሌ እናቅርብ። በቆላው የከረመውንና ሥራውን የለመደውን የቀን ሠራተኛ ሳሉግ ይሉታል። ከደጋ አዲስ የወረደ ወጣት አጠገቡ ሲሠራ፣ የቀደመው በየቀኑ ውኃውን እየደፋ፣ ቅጽል ስም እያወጣለት፣ ከምሳ ሰልፍ እየገፈተረ አሠቃየው እንበል። ወጣቱ አንድ ቀን መልሶ ቢመታው ዜናው «ሁለት ሠራተኞች ተደባደቡ» ተብሎ ይነገራል። ይህ ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር «ፋይት» ይሆናል፤ የወራት መዋከብ በአንድ ቀን ድብድብ ይሸፈናል። በትምህርት ቤትም ተማሪዎቻችን በእንግሊዝኛ ሲጽፉ «ረበሸኝ» የሚለውን ይዘው ስድቡንም፣ ዛቻውንም፣ ግፊያውንም በአንድ «ዲስተርብ» ግስ ይገልጹታል። «ዲስተርብ» በእንግሊዝኛ ዕንቅልፍን ወይም ሥራን ማወክ በመሆኑ አንባቢው ነገሩን እንደ ቀላል ጫጫታ ይወስደዋል። ልጁ የደረሰበትን አላሳነሰም፤ የተሰጠው ቃል ነው ያሳነሰበት።

መ. በራሱ በአማርኛ የሚገኘው መፍትሔ

የእንግሊዝኛው ቃላት ተማሪ ሦስት ነገሮችን መለየት አለበት ብለናል፦ አቅጣጫን፣ ድግግምንና የአቅም ልዩነትን። አማርኛ ከእነዚህ ሁለቱን በሰዋስው ያመለክታል፤ መምህራንና ተርጓሚዎች ግን በዚህ ሀብት ብዙም ሲጠቀሙ አይታይም።

አቅጣጫን የምናገኘው በግሱ መጨረሻ በሚቀጠለው «-በት» ነው። «ሳቀ»፣ «ሳቀለት»፣ «ሳቀበት» በሚሉት ሦስት ቃላት መካከል ያለውን ልዩነት ሕፃን ያውቀዋል። እንዲሁ «ጮኸበት»፣ «አሾፈበት»፣ «ዛተበት»፣ «አበሩበት» እንላለን። እንግሊዝኛ ይህንኑ የሚገልጸው «አት» እና «ኦን» በተባሉት መስተዋድዶች ነው፦ «ላፍ አት» ሳቀበት፣ «ሻውት አት» ጮኸበት፣ «ፒክ ኦን» አንዱን መርጦ አዘወተረበት፣ «ጋንግ አፕ ኦን» አበሩበት። እነዚህን ሐረጎች ለማስተማር ከ«-በት» መነሣት ማንኛውንም የስም ዝርዝር ከማስጠናት ይሻላል። ፉከራንና ዛቻን ለመለየትም ይኸው ምልክት ይጠቅማል። በሰርግ ወይም በድግስ ላይ የሚፎክር ሰው ማንንም አላስፈራራም፤ «ፎከረ» ነው። በአንድ ሰው ደጅ ቆሞ ሲያደርገው ግን «ፎከረበት» ይሆናል። ይህን ያላስተዋለ ተርጓሚ ባህላዊ ፉከራን «ትሬት» ብሎ በእንግሊዝኛ ቢመዘግበው በንጹሕ ሰው ላይ ወንጀል ያስጥፋል።

ድግግምን ደግሞ የሥር ፊደልን በመደጋገም እናሳያለን። «ገፈተረው» አንድ ጊዜ ነው፤ «ገፈታተረው» ወዲያና ወዲህ ነው፣ እንግሊዝኛው «ፑሽ አራውንድ» እንደሚለው። «ነካው» እና «ነካካው»፣ «ሰደበው» እና «ሰዳደበው» በዚሁ ይከተላሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ «አስፈራ» እና «አስፈራራ» ነው። ጅብ በሌሊት መንገደኛን ያስፈራዋል፤ አስፈራራው የምንለው ግን ዐስቦ፣ ለማስገደድ የሚያደርግን ሰው ነው። «ፍራይተን» እና «ኢንቲሚዴት» የተባሉትን የእንግሊዝኛ ግሶች ልዩነት ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ አቻ ማግኘት አዳጋች ነው።

የአቅም ልዩነትን ግን ሰዋስዋችን ብቻውን አያሳይም፤ እዚህ ላይ ቃል መምረጥ ያስፈልጋል። «ትንኮሳ» አይሆንም፤ ተንኳሽ ጠብ ጀማሪ ነው፣ ትንሹም ትልቁን ሊተነኩስ ይችላል። «ዕብሪት» እና «ማን አለብኝነት» የልብ ሁኔታን እንጂ ድርጊትን አይሰይሙም። «ግፍ» ከልጆች ጉዳይ በላይ የሆነ ክብደት አለው። በከተማ አነጋገር የተለመደው «ጉልቤ» ግን፣ ምንም እንኳ በመደበኛ ጽሑፍ ብዙ ባይገባ፣ የሚፈለገውን ይዟል፦ በደካማ ላይ የሚበረታን ሰው ያመለክታል፣ ለቅጥር የሚፈለግ ታታሪም «ጉልቤ» አይባልም። ስለሆነም ለሰውዬው «ጉልቤ»፣ ለጠባዩ «ጉልቤነት» በሙያዊ ስያሜነት እንዲያዙ፣ በመጀመሪያ በተጠቀሱበት ሥፍራም «ደካማን ሆን ብሎ እየደጋገሙ ማዋከብ» የሚል ፍች እንዲታከልባቸው ሐሳብ እናቀርባለን። ቃሉ የመንገድ ቃል ነው የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ብዙ የተከበሩ ቃላት ከመንገድ መጥተዋል፤ የእንግሊዝኛውም «ቡሊ» ከሊቃውንት አፍ አልወጣም።

ሠ. ስለ ሕግና ስለ ዐረብኛ

አዲስ ስያሜ ስናወጣ በሕግ የጸናውን መንካት የለብንም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ቀላሉን «አሶልት» «የእጅ እልፊት» ይለዋል። ልኩን የጠበቀ፣ ጉዳት ያላደረሰን ምት የሚያሳይ ውብ ስያሜ ሆኖ ሳለ፣ ከሕግ ባለሙያዎች ውጭ በተርጓሚዎች ዘንድ ሲሠራበት እምብዛም አይታይም። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ደግሞ «ወሲባዊ ትንኮሳ» የሚለውን ስያሜ ተርጉሞ፣ ኀይል ወይም የኀይል ሙከራ የታከለበትን ድርጊት ከዚያ ለይቶ አስቀምጧል። ስለዚህ «ሃራስመንት» በወሲባዊ ረገድ ሲመጣ «ትንኮሳ» የሕጉ ቃል ነው፤ በሌላው ዐውድ ሁሉ ግን «ማዋከብ» እንድንል እንመክራለን። አለዚያ «ትንኮሳ» የሰማ ሁሉ ነገሩን ወሲባዊ አድርጎ ይረዳዋል።

ይህ ጥንቃቄ በመተማ እጥፍ ይሆናል። በዘመናዊ ዐረብኛ ለ«ሃራስመንት» የሚሰጠው «ተሐርሩሽ» እንዲሁ በአብዛኛው ወደ ወሲባዊው ያደላል። በኬላ ላይ መዋከቧን ያመለከተች ስደተኛ ቃሏ በእንግሊዝኛ «ሃራስመንት» ተብሎ ተመዝግቦ ወደ ዐረብኛ ሲመለስ «ተሐርሩሽ» ከተባለ፣ ያልተናገረችው ነገር በፊርማዋ ሥር ይቀመጣል። ያላት ቤተ ዘመድና ማኅበረ ሰብ ፊት ይህ ምን እንደሚያስከትልባት መገመት አያዳግትም። ለ«ቡሊይንግ» ግን ዐረብኛው «ተነሙር» ይላል፤ ነብር መሆን፣ እንደ ነብር መቈጣት ማለት ነው። «ነምር» እና «ነብር» ዝምድናቸው ግልጽ በመሆኑ የአማርኛ ተርጓሚ ሥርወ ቃሉን ለማስታወስ አይቸገርም፤ ሆኖም በጥሬው «ነብርነት» ብሎ ቢተረጉመው በእኛ ዘንድ ውዳሴ ይሆናል።

ረ. የማጠቃለያ ሐሳብ

የሌሎች አገሮች ተመክሮ ለቀጣዩ ሥራ ዘዴ ያቀርብልናል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ፣ በፒተር ስሚዝና በባልደረቦቹ የተመራ ጥናት በ14 አገሮች ላሉ የ8 እና የ14 ዓመት ልጆች በመስመር የተሣሉ 25 ሥዕሎች አቅርቦ፣ በየቋንቋቸው ያሉት ቃላት የትኞቹን ሥዕሎች እንደሚሸፍኑ ጠየቃቸው። ትናንሾቹ በአብዛኛው ጠበኛ የሆነውን ካልሆነው ብቻ ሲለዩ፣ ታላላቆቹ ግን ዐይነቶቹን ከፋፍለው ለይተዋል። የአማርኛ ቃላትም በዚሁ መንገድ ሊፈተኑ ይችላሉ። «ጉልበተኛ»፣ «ጉልቤ»፣ «ተንኳሽ»፣ «አስቸጋሪ» የተባሉት ቃላት በገንደ ውኃ፣ በመተማ ዮሐንስና በቋራ ላሉ ልጆች የትኛውን ሥዕል እንደሚያሳዩ ሳይጠየቅ በጠረጴዛ ላይ የሚወሰን ስያሜ ዕድሜው አጭር ነው። እኛም «ጉልቤ»ን ያቀረብነው ለዚህ ፈተና እንጂ እንደ ተፈረደ ነገር አይደለም፤ በቆላው ልጆች ዘንድ ሌላ የተሻለ ቃል ቢገኝ እርሱ ይቀደም።

እስከዚያው ድረስ ለመምህራንና ለተርጓሚዎች የምናሳስበው ይህን ነው። የእንግሊዝኛውን ቃል ከመምረጣችሁ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን አስቀድሙ፦ ማን በማን ላይ አደረገው? አንድ ጊዜ ነው ወይስ ተደጋግሞ? አቅማቸው ተመጣጣኝ ነውን? «ተጣሉ» የሚል ቃል በሰማችሁ ጊዜ ሁሉ ማን እንደ ጀመረና ስንት ጊዜ እንደ ሆነ ጠይቁ። መልሱ አንድ ወገን ብቻ ደጋግሞ ያደረገው ከሆነ «ፋይት» ብላችሁ አትጻፉ። የመዝገበ ቃላት አዘጋጆችም በዚህ ዘርፍ ያሉትን ግሶች ነጠላ ስም አድርገው ሳይሆን ከነ«-በት»ና ከነደጋጋሚ ቅርጻቸው፣ በዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገብተው እንዲያቀርቡልን እንጠይቃለን። ቃሉን ይዞ አቤት የሚል ሰው በዳዩን በስሙ፣ በደሉንም በልኩ ሊያስመዘግብ የሚችለው ይህ ሲሟላ ነው።